አገር ሲቆጠር የአጥቢያና የነገድ መንግሥታት ድርሻ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥኩት ጉዳይ ሲሰሙት ደረቅ የሚመስል ነው። የሕዝብ ቆጠራ ሲነሣ አብዛኞቻችን በሐሳባችን የምናየው ቆጣሪው መዝገቡን ይዞ በር ሲያንኳኳ ነው። እኔ ግን ለማስረዳት የምፈልገው ቆጣሪው ከመውጣቱ ሁለትና ሦስት ዓመት አስቀድሞ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ይኸውም የሚንኳኳው በር የት እንዳለ አስቀድሞ የመመዝገብ ሥራ ነው። በመዝገብ ያልገባ ቤት አይንኳኳም፤ በሩ ያልተንኳኳበት ሰው አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ የምክር ቤት ወንበር ሲደለደል፣ የመንግሥት ገንዘብ ሲከፋፈል፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሲታቀድ እንዳልተወለደ ይቆጠራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህን መዝገብ ማን ያዘጋጀው የሚል ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ብቻውን ነው ወይስ ከየአጥቢያው ሰዎች ጋራ?

ለምሳሌነት የወሰድኩት የተባበሩትን የአሜሪካ መንግሥታት ነው። ይህን ያደረግሁት የአሜሪካ ነገር ሁሉ ምሳሌ መሆን አለበት ብዬ አይደለም። በዚያ አገር ይህ ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቶ፣ ከፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሕግ ወጥቶለት፣ የሕጉም ውጤት በአኀዝ ተመዝኖ ስለምናገኘው ነው። ጥሩውም መጥፎውም ሳይደበቅ ተጽፎ ይገኛል፤ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1787 ሲጻፍ ሕዝቡ በየዐሥር ዓመቱ እንዲቆጠር አዘዘ። በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት እያንዳንዱ ስቴት የሚያገኘው ወንበር በሕዝቡ ብዛት ልክ እንዲሆን ስለተወሰነ ነው። ነገር ግን ያው አንቀጽ አምስቱን ባሪያ እንደ ሦስት ሰው አድርጎ ሲያስብ፣ ግብር የማይከፍሉትን ሕንዶች ማለት የምድሪቱን ነባር ባለቤቶች ጨርሶ ከቁጥር አወጣቸው። ነባሮቹ ሕዝቦች ሁሉ በጠቅላላው መቆጠር የጀመሩት በ1890 ነው፤ ዜግነት በሕግ የተሰጣቸው በ1924 ነው፤ ለወንበር ድልድል ሙሉ በሙሉ የታሰቡት ደግሞ ገና በ1940 ነው። እንግዲህ አንድ ነገድ ዛሬ የቆጠራውን መሥሪያ ቤት በጥርጣሬ ዓይን ቢመለከት፣ ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ቆጠራ የተደረገው በ1790 ነው። ሥራውን የሠሩት ማርሻል የተባሉት የፍርድ ቤት ሹማምንትና ረዳቶቻቸው ሲሆኑ፣ የተገኘውም ቁጥር 3,929,214 ሰው ነበር። በዚህ ቆጠራ ሕግ ውስጥ እኔን በጣም ያስደነቀኝ አንድ ትእዛዝ አለ። ረዳቶቹ የቆጠሩትን ዝርዝር ከማስረከባቸው በፊት፣ ግልባጩን በአካባቢው ሰው በሚበዛባቸው ሁለት ቦታዎች እንዲለጥፉ ይላል። በዝርዝሩ ላይ የየቤቱ አባወራ ስም ስለሚገኝ፣ ማንም መንገደኛ ቀረብ ብሎ የራሱን ወይም የጎረቤቱን ስም ይፈልጋል፤ ቢያጣ «የእኔ ቤትስ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። የአጥቢያው ሕዝብ ራሱ መዝገቡን ያርም ነበር ማለት ነው።

ይህ አሠራር ሊቆይ አልቻለም። የሚጠየቀው ነገር እየበዛ፣ ሀብትና በሽታ፣ ዕድሜና ትውልድ እየተጨመረ ሲሄድ፣ የሰው ጓዳ በግድግዳ ላይ መለጠፉ ነውር ሆነ። ቀስ በቀስ ምስጢር መጠበቅ ደንብ፣ ኋላም ጽኑ ሕግ ሆነ። የዛሬው የቆጠራ ሕግ፣ አሜሪካኖች አርእስት 13 የሚሉት፣ በ1954 ሲደነገግ ማንኛውም የግለሰብ መልስ ከመሥሪያ ቤቱ እንዳይወጣ አጥብቆ ከለከለ። ክልከላው ከንቱ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካውያን በግፍ ከቤታቸው እየተነቀሉ በካምፕ ሲታጎሩ፣ የቆጠራው መሥሪያ ቤት በየሠፈሩ ምን ያህል እንዳሉ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለጦር ኀይሉ ሰጥቶ ነበር። ለዚህ ተግባር የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኀላፊ የነበሩት ኬኔት ፕሩዊት በ2000 በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለዚህ ምስጢር የማያስፈልግ ቢሮክራሲ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ ያንብብ።

ነገር ግን ምስጢሩ ሲጠብቅ ሌላ ችግር ተወለደ። ከ1970 ቆጠራ ጀምሮ መጠይቁ ለአብዛኛው ሕዝብ በፖስታ ይላክ ጀመር። ይህ በሆነ ጊዜ የቆጠራው መሠረት የቆጣሪው እግር መሆኑ ቀርቶ የአድራሻው ዝርዝር ሆነ። ዝርዝሩ ጎደለ ማለት ቆጠራው ጎደለ ማለት ነው። የየከተማው ሹማምንት ግን ዝርዝሩን ለማየት አይፈቀድላቸውም። በ1980 ቆጠራ ሕዝባችን ቀንሶ ተቆጥሯል ያሉ ከተሞችና ካውንቲዎች ፍርድ ቤት ገቡ። ከእነዚህም መካከል በኒው ጀርሲ የሚገኘው የኤሴክስ ካውንቲና የዴንቨር ከተማ ይገኙባቸዋል። ክርክራቸው ቀላል ነበር፤ «እኛ ስም አንጠይቅም፤ የሰው ዕድሜና ገቢም አንፈልግም፤ የትኞቹ ቤቶች እንደተመዘገቡ ብቻ አሳዩንና የቀረውን እንንገራችሁ» የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ፈረደ። የአድራሻውም ዝርዝር ራሱ በምስጢር ሕጉ የተጠበቀ ስለሆነ ሊሰጥ አይገባም አለ። ሕጉ ካልተለወጠ በቀር ፍርዱ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። ችግሩ ግን እንዳለ ቀረ። ቤቱን የሚያውቀው መዝገቡን አያይም፤ መዝገቡን የያዘው ቤቱን አያውቅም።

መፍትሔው የመጣው በ1994 ነው። ኮንግሬሱ የቆጠራ አድራሻ ዝርዝር ማሻሻያ የተባለውን ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የስቴት፣ የካውንቲ፣ የከተማና የነገድ መንግሥታት ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ገብተው፣ የየራሳቸውን አካባቢ የአድራሻ ዝርዝር እንዲመረምሩና እንዲያርሙ ተፈቀደ። ፖስታ ቤቱም የአድራሻ መዝገቡን ለቆጠራው መሥሪያ ቤት እንዲያካፍል ታዘዘ። ከዚህ ሕግ የተወለደው ፕሮግራም በእንግሊዝኛው አጠራር በአጭሩ «ሉካ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የቆጠራ አድራሻዎችን በአካባቢው ሰው ማሳረም ብንለው ያስኬዳል። ለ2000፣ ለ2010 እና ለ2020 ቆጠራዎች ሠርቷል።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ለ2020 ቆጠራ በ2017 ክረምት 39,000 ለሚያህሉ መንግሥታት የግብዣ ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤው የሚጻፈው ለአካባቢው ከፍተኛ ሹም ነው፤ በከተማ ለከንቲባው፣ በነገድ ለነገዱ ሊቀመንበር ወይም ፕሬዚዳንት ማለት ነው። ሹሙ ግብዣውን ከተቀበለ አንድ አገናኝ ይሾማል። አገናኙና መዝገቡን የሚያዩት ሁሉ የምስጢር ውል ይፈርማሉ። ውሉን ያፈረሰ ሰው እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ፣ እስከ አምስት ዓመት እሥራት ወይም ሁለቱንም ይቀበላል። ከዚያ በኋላ በ2018 መጀመሪያ ዝርዝሩና ካርታው ይላክላቸዋል። በዝርዝሩ ላይ የሰው ስም የለም፤ ቤቱና ቦታው ብቻ ነው። አካባቢው 120 ቀን ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የራሱን መዛግብት፣ ማለት የግንባታ ፈቃዱን፣ የውሃና የመብራት ደንበኞቹን፣ የግብር መዝገቡን፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አድራሻውን ከዝርዝሩ ጋራ ያመሳክራል። የጎደለውን ይጨምራል፤ የፈረሰውን ይሰርዛል፤ የተሳሳተውን ያቃናል። ሥራው ሲያልቅ በእጁ ያለውን ዝርዝር መመለስ ወይም ማጥፋት አለበት።

ይህን ካቀረበ በኋላ የቆጠራው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን እርማት ይመረምራል፤ የተቀበለውንና ያልተቀበለውን በ2019 ክረምት አስታወቀ። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ብልህ ነገር አድርጓል። እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል ይባላል። እርማቱን የሚቀበለውም የሚጥለውም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከሆነ አካባቢው አቤት የሚለው ለማን ነው? ስለዚህ ከቆጠራው መሥሪያ ቤት ውጭ የሆነ፣ ለዚሁ ጊዜ ብቻ የሚቋቋም የይግባኝ ጽሕፈት ቤት እንዲኖር ተደረገ። የተከራከረ አካባቢ ማስረጃውን ለዚያ ያቀርባል።

እናንተ ተማሪዎች ስለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የሚመረመረው የግል ቤት ብቻ አይደለም። የተማሪዎች ማደሪያ፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ እሥር ቤትም ጭምር ነው። በአሜሪካ ደንብ ተማሪ የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ በሚኖርበት ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለባት ትንሽ ከተማ አንድ አዲስ የተማሪዎች ማደሪያ ከዝርዝሩ ብትዘነጋ፣ ብዙ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያመልጣት ይችላል።

አሁን ወደ ነገዶቹ ልምጣ፤ የነገሩ ዋና ክብደት ያለው እዚያ ነውና። በአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት የታወቁ ከ570 በላይ ነገዶች አሉ። እነዚህ ነገዶች የከተማ ማዘጋጃ ቤት ዓይነት ሥልጣን ብቻ ያላቸው አይደሉም። ከማዕከላዊው መንግሥት ጋራ የሚነጋገሩት እንደ መንግሥትና መንግሥት ነው። ለዚህም በ2000 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ፣ መሥሪያ ቤቶች ነገዶችን የሚመለከት ውሳኔ ከማድረጋቸው በፊት ከነገዶቹ ጋራ እንዲመክሩ ያዛል። ስለዚህ በአድራሻው ምርመራ ውስጥ ነገዱ የሚጋበዘው በአጠገቡ ባለው ካውንቲ ሥር ሆኖ አይደለም፤ በራሱ ስምና በራሱ ሹም ነው። ይህ ትንሽ የወረቀት ልዩነት ይመስላል፤ ለዘመናት ከቁጥር ውጭ ለተደረገ ሕዝብ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የናቫሆን ምድር እንውሰድ። በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ላይ የተዘረጋ፣ ከ70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ ከነገዶቹ ክልሎች ሁሉ ሰፊው ነው። አስተዳደሩ ቻፕተር በሚባሉ 110 አጥቢያዎች የተከፈለ ነው። ብዙው ቤት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የለውም። ደብዳቤ የሚቀበሉት ከሩቅ ፖስታ ቤት በተከራዩት ሣጥን ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ደግሞ ሰውዬው ደብዳቤውን የት እንደሚወስድ ይናገራል እንጂ የት እንደሚተኛ አይናገርም፤ ስለዚህ ለቆጠራ አይበቃም። ቤቱ የት ነው ቢባል መልሱ «ከውሃ ማማው አልፈህ፣ ጥርጊያውን ይዘህ፣ ከቀዩ ኮረብታ ሥር» የሚል ይሆናል። ይህን መልስ በዋሽንግተን ያለ ጸሐፊ ምን ያደርገዋል? የቻፕተሩ ሰው ግን በካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ያኖረዋል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚባለው ለዚህ ነው።

በአላስካም እንዲሁ ነው። የ2020 ቆጠራ የተጀመረው አገሪቱ በሙሉ ከምትቆጠርበት ከኤፕሪል 1 ቀን አስቀድሞ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን ቶክሱክ ቤይ በምትባል የዩፒክ ሕዝብ መንደር ነው። ምክንያቱ ምድሩ በረዶ ሆኖ ሳለ መጓዝ ስለሚቻል፣ ሰዉም በጸደይ ለአደንና ለዓሣ ከመበተኑ በፊት በቤቱ ስለሚገኝ ነው። ይህን ቀን መቁጠሪያ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ውጤቱስ ምን ሆነ? እዚህ ላይ በደንብ አስተውሉልኝ። ከቆጠራ በኋላ በሚደረገው የማጣሪያ ጥናት መሠረት፣ በሪዘርቬሽን ማለት ለነገዶች በተከለለው ምድር ከሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ውስጥ በ1990 ቆጠራ ሳይቆጠር የቀረው 12.2 በመቶ ነበር። በ2000 ይህ ጉድለት ሊለይ እስከማይችል ድረስ ጠፋ። በ2010 ግን ተመልሶ መጥቶ 4.9 በመቶ ሆነ፤ በ2020 ደግሞ 5.6 በመቶ ደረሰ። በዚያው በ2020 ቆጠራ ጥቁሮች በ3.3 በመቶ፣ ሂስፓኒክ የሚባሉት በ5 በመቶ ገደማ ሲጎድሉ፣ ነጮቹ በ1.6 በመቶ ተርፈው ተቆጥረዋል። በጠቅላላው አገር ሲታይ ጉድለቱና ትርፉ ተጣፍቶ ቁጥሩ ደኅና ይመስላል፤ ሲከፋፈል ግን አንዱ የሌላውን ድርሻ ይዞ ይገኛል።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሕጉ በ1994 ከወጣ፣ ነገዶቹም መዝገቡን ማየት ከቻሉ፣ በ2010 እና በ2020 ለምን ጎደሉ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በእኔ አስተያየት ሦስት ነው።

አንደኛ፣ መብት መስጠትና ዐቅም መስጠት የተለያዩ ናቸው። ግብዣው ይላካል እንጂ ለሥራው ገንዘብ አብሮ አይላክም። ትልቅ ከተማ የካርታ ባለሙያና ኮምፒውተር አለው። የኒው ዮርክ ከተማ በየምድር ቤቱና በየተከፋፈለው ፎቅ የተደበቀውን መኖሪያ እየፈለገ እጅግ ብዙ አድራሻ ወደ ዝርዝሩ አስገብቷል፤ በ2020 ቆጠራም ሕዝቡ ከተገመተው በላይ ሆኖ 8,804,190 ተገኝቷል። ሁለትና ሦስት ጸሐፊ ብቻ ያለው ትንሽ ነገድ ግን 120 ቀን ሲሰጠው፣ ያንኑ ጊዜ ለውሃው፣ ለሐኪም ቤቱና ለመንገዱ ጉዳይም ይፈልገዋል። እርግጥ ደንቡ ዐቅም የሌለው አካባቢ ሌላ መንግሥት ወይም ድርጅት እንዲመረምርለት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መሬቱን ከአጎራባቹ ጋራ ሲከራከርበት የኖረ ነገድ፣ ያንኑ አጎራባች ቤቴን ቁጠርልኝ ለማለት እንዴት ይደፍራል?

ሁለተኛ፣ ቤቱን መመዝገብ ሰውየውን መቁጠር አይደለም። ዝርዝሩ የቆጠራው መሠረት ነው እንጂ ጣሪያው አይደለም። በ2020 መጠይቁን በየደጁ የሚያኖሩት ሠራተኞች በማርች ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሥራቸውን አቋረጡ፤ የናቫሆ ምድር ወረርሽኙ ክፉኛ ከመታቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር። የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ቀኑ ተራዝሞ ሳለ መንግሥቱ መልሶ ሊያሳጥረው ሲነሣ፣ የናቫሆ መንግሥትና የጊላ ሪቨር ነገድ ከሌሎች ከተሞችና ማኅበሮች ጋራ ሆነው ከሰሱ። በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት ፈቀደና የመስክ ሥራው ኦክቶበር 15 ቀን 2020 ተዘጋ። በዝግጅቱ ጊዜ ተጋብዞ፣ የጊዜው ገደብ ሲቆረጥ ግን ሳይጠየቅ የሚቀር ተሳታፊ ግማሽ ተሳታፊ ነው።

ሦስተኛ፣ በአንድ ቤት የሚኖረው ሰው ብዛት ከመሥሪያ ቤቱ አስተሳሰብ ጋራ አይገጥምም። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅና ከሩቅ የመጣ ዘመድ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቦታ መጠይቁ «የቤቱ ነዋሪ ማን ነው?» ሲል፣ የተረሳው ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ነው። በ2020 ቆጠራ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በመላ አገሪቱ 2.8 በመቶ ያህሉ ቀርተዋል።

በሌላ ወገን የሚነሣ ተቃውሞ ደግሞ አለ። «አካባቢው ጥቅሙን ስለሚፈልግ የሌለ ቤት ይጨምራል፤ ስለዚህ ከመዝገቡ ይራቅ» የሚሉ አሉ። ይህም ከባዶ የመጣ ሥጋት አይደለም። በ1890 ቆጠራ ሚኒያፖሊስና ሴይንት ፖል የተባሉት ሁለት ጎረቤት ከተሞች በታላቅነት ሲፎካከሩ፣ በሚኒያፖሊስ ቆጣሪዎች ቁጥር ሲያሳብጡ ተይዘው ታሠሩ። እንደገና ሲቆጠር ግን ሁለቱም ከተሞች የሌለ ሰው ጨምረው መገኘታቸው ተረጋገጠ። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው አካባቢውን ማስወጣት አይደለም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ አካባቢው ይጨምር፣ ማዕከሉ ይመርምር፣ በሁለቱ መካከል ክርክር ቢነሣ ሦስተኛ ወገን ይፍረድ ነው። የሉካ አሠራር በወረቀት ላይ ሲታይ ይህንኑ ያደርጋል፤ ጉድለቱ በሐሳቡ ሳይሆን በስንቁ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም የሚያወጣው ፍሬ ምንድር ነው ለሚል ሁለት ቁጥር ልጥቀስ። በ2020 ቆጠራ ውጤት ኒው ዮርክ ስቴት አንድ የምክር ቤት ወንበር አጣች፤ የሌሎቹ ስቴቶች ቁጥር እንዳለ ሆኖ 89 ሰው ብቻ ቢጨመርላት ኖሮ ወንበሯን አታጣም ነበር። ሰማንያ ዘጠኝ ሰው አንድ መካከለኛ ፎቅ አይሞላም! ሁለተኛው፣ በ2021 የበጀት ዓመት በቆጠራ አኀዝ እየተመራ የተከፋፈለው የማዕከላዊ መንግሥት ገንዘብ ከ2.8 ትሪሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን የቆጠራው መሥሪያ ቤት ራሱ አስታውቋል። ለነገዶች የሚሰጠው የመኖሪያ ቤት መሥሪያ ገንዘብም የሚሰላው በዚሁ አኀዝ ነው። ቤት አጥተው በአንድ ጣሪያ የተጨናነቁት ሰዎች ባለመቆጠራቸው ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ገንዘብ ያንሳቸዋል፤ ገንዘቡ ስለሚያንስ ደግሞ እንደተጨናነቁ ይኖራሉ፤ በሚቀጥለው ቆጠራም እንዲሁ ይረሳሉ። አዙሪቱ ይህ ነው።

ጉዳዩ እኛን የሚነካበት መንገድም አለ። በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አዲስ የመጣ ሰው በዘመዱ ምድር ቤት ያድራል፤ ሦስትና አራት ጓደኛሞች አንድ አፓርትማ ይጋራሉ፤ የምድር ቤቱ በር በስተጓሮ ስለሆነ ፖስታ ቤቱም አያውቀውም። የአድራሻ ምርመራው የሚፈልገው ቤት እንግዲህ ይህ ነው። በ2020 መጠይቅ ላይ ለምሳሌ ከተጻፉት የትውልድ አገሮች መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስም ይገኝበታል። ስሙ በወረቀቱ ላይ ታትሞ ወረቀቱ ወደ ምድር ቤቱ ካልደረሰ ምን ይጠቅማል? ለ2030 ቆጠራ ዝግጅት ሲደረግ፣ በዚያ ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ ለየካውንቲው የፕላን ጽሕፈት ቤት «እንዲህ ያሉ መኖሪያዎች በዚህ ሠፈር አሉ» ብለው ማስታወቅ ይችላሉ። የማንንም ስም መናገር አያሻም፤ በሩን ማሳየት ይበቃል። ሰው የሚፈራው አከራዩን ወይም የመኖሪያ ፈቃድ መርማሪውን ከሆነ፣ መዝገቡ ለእነዚያ እንዳይሰጥ ሕጉ የሚከለክል መሆኑን በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳው የራሱ ወገን ነው።

በአገራችንም ቢሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል። እስከ 2007 ድረስ ሦስት ቆጠራዎች ተደርገዋል፤ እነርሱም በ1984፣ በ1994 እና በ2007 ነበሩ። አራተኛው ለ2017 ታቅዶ ተላለፈ፤ በ2019 ደግሞ ፓርላማው እንደገና አስተላለፈው። በ2007 የአፋርና የሶማሌ ክልሎች ቆጠራ ከሌላው አገር በኋላ በኖቬምበር መደረጉን ልብ እንበል። አርብቶ አደሩ ከብቱን ተከትሎ በሚዘዋወርበት ምድር፣ ቤቱ ወር በገባ ቁጥር ቦታ በሚለውጥበት አገር፣ የት የውሃ ጉድጓድ ላይ በየትኛው ወር ማን እንደሚሰፍር የሚያውቀው የጎሣ መሪው ነው። የናቫሆው የውሃ ማማና የእኛ ኤላ በዚህ ነገር ወንድማማቾች ናቸው።

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት ለውይይታችን የሚሆኑ ሦስት ነጥቦች ላስቀምጥ። የመጀመሪያው፣ የአጥቢያው መንግሥት ከቆጠራው በፊት መዝገቡን እንዲያይ በሕግ ይፈቀድለት፤ ከቆጠራ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ሁለተኛው፣ ግብዣው ከዐቅም ጋራ ይሁን፤ የካርታ ባለሙያና የጊዜ ማራዘሚያ ለሌለው አካባቢ የተላከ ደብዳቤ ለመንግሥት ኅሊና ማስታገሻ ከመሆን አያልፍም። ሦስተኛው፣ ምስጢሩ እንዲጠበቅ የሚፈርመው ሁሉ ቅጣቱን እየፈራ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን እያወቀ ይፈርም፤ መዝገብ ሰውን ለማገልገልም ለማሳደድም እንደሚውል ታሪክ አሳይቶናልና።

በመካከላችን ሕግ የሚያጠና አለ፤ ጂኦግራፊና ስታቲስቲክስ የሚያጠናም አለ። ነገ ከእናንተ አንዱ የቆጠራ ካርታ በሚሣልበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየውን ቦታ ሁሉ ሰው የሌለበት ነው ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት፣ በዚያ አገር የሚኖረውን ሰው አንድ ጊዜ ጠይቁት።

 ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ሁሉ መድረኩ የእርሱ ነው።